የአምስት ቁጥር ውሃ

ካንዳብዌ ዩናይትድ የወዳጅነት ጨዋታውን ሦስት ለሁለት አሸነፈ፤ ደጋፊው ግን ከሜዳ የወጣው የተሸነፈ መስሎ ነው። ማሸነፍ ማን ይጠላል! ነገሩ ወዲህ ነው፤ የተቆጠሩብን ጎሎች ሁለቱም የገቡት በአንድ ቦታ በኩል ነው፣ በአምስት ቁጥር በኩል። ሊጉ ደጃፍ ላይ ደርሶ መሃል ተከላካይ የሌለው ቡድን ይዞ የሚስቅ ሰው ካለ፣ ወይ ኳስ አያውቅም ወይ የካንዳብዌ ሰው አይደለም።

እንደ ልማዳችን ከስታዲየሙ ጀርባ ካለችው ማንጎ ሥር ተሰበሰብን። ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ከመዳብ ማቅለጫው የሚመጣው የድኝ ጭስ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ሰዉ በካርቶን የታሸገ ጠላውን፣ ቺቡኩውን፣ እየናጠ ይጠጣል። ቺሌክዋ የማንጎዋ ሥር ላይ ተቀምጧል። ካርቶኑን አልከፈተውም። ይህ ሰው በሰፈሩ የምዌንያ አባት ነው የሚባለው፤ ምዌንያ አምስት ቁጥራችን ነበር፤ ከሁለት ክረምት በፊት ወባ ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶበት ሞተ። ሳያገባ፣ ሳይወልድ። አባትየው ግን ዛሬም የምዌንያ አባት ነው፤ ሌላ ምን ብለን እንጥራው?

«እስቲ ቤንቹን እንፈትሸው» አለ ካፓምብዌ፣ የደጋፊዎች ሊቀመንበር፣ ቦርጩን በሁለት እጁ አቅፎ። «በረኛ አለን። ተጠባባቂውም አይከፋም።»

«ተጠባባቂው ኳስ ሲመጣ ዓይኑን ይጨፍናል» አለች ከበሮ መቺያችን ዘሊፓ።

«አንቺ አይጥ በሊታ፣ ማን ጠየቀሽ?»

«የዝንጀሮ ሥጋ ጥርስህ ውስጥ ተሰንቅሮ ነው ቃሉ የሚያስቸግርህ? አውጣውና ተናገር።»

ሰዉ ሳቀ። የሷና የሱ ጎሳ ከጥንት ጀምሮ መሰዳደብ የተፈቀደላቸው ናቸው፤ ቢሰዳደቡ ማንም አይቀየም፤ ዝም ቢባባሉ ነው የሚያስፈራው።

«እሺ፣ የግራ መስመርስ?»

«አንዱ ይሮጣል፣ ኳስ አያገኝም። ሌላው ኳስ ያገኛል፣ አይሮጥም። ሁለቱን ሰፍተን አንድ ሰው ብናደርጋቸው ተገላገልን።»

«ያ ረጅሙ አጥቂስ?»

«እሱማ ጎል ፊት ሲደርስ ጸሎት ይጀምራል። አሜን እስኪል ኳሱ ተወስዷል።»

«መሃል ተከላካይ» አለ ካፓምብዌ። ሳቁ እንደ መብራት ጠፋ። ሰው ሁሉ የያዘውን ካርቶን ማየት ጀመረ፤ ወደ ቺሌክዋ ግን ማንም አላየም።

ምዌንያ ከሞተ ወዲህ ያችን ማሊያ የለበሱት ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ገና በመጀመሪያ ጨዋታው ማንም ሳይነካው ቅልጥሙ ተሰበረ። ሁለተኛው ደህና ሲጫወት ከርሞ «ከጀርባዬ የሚተነፍስ ሰው አለ» ማለት አመጣ፤ አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ ታኬታውን እንኳ ሳያወልቅ አውቶቡስ ተሳፍሮ አገሩ ገባ። ሦስተኛው ዛሬ የተሰለፈው ነው። እሱ ምን እንደሚያደርግ በዓይናችን አየን፤ ቦታው ላይ አይቆምም። ሰው የቆመበት ይመስል ወደ ጎን ፈንጠር ይላል። ሁለቱም ጎሎች የገቡት እሱ በሸሻት ቦታ ነው።

«ያ ከምዕራብ የመጣው ልጅስ?» አለች ዘሊፓ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «መጨረሻ ላይ የገባው፣ ሉቢንዳ። አላያችሁትም? ቀጥ ብሎ ሄዶ ቆመባት።»

«አይቻለሁ።»

«ፈንጂው ሲፈነዳስ አይታችሁታል?»

ይህን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከሰዓት በኋላ ፈረቃ ሲቀየር ማዕድን ቆፋሪዎቹ ከመሬት በታች ድንጋዩን ያፈነዱታል፤ ሜዳው ከሥር እንደታመመ ሆድ ይንቦጫቦጫል። እኛ ለምደነዋል። እንግዳ ሰው ግን ቢያንስ ለአንድ ዓመት ያህል እግሩን ሳያይ አይቀርም። ያ ልጅ ከተማችን ከገባ ገና ሳምንቱ ነው፤ ሌሎቹ አዳዲስ ልጆች ደንግጠው መሬት መሬት ሲያዩ እሱ ካልሲውን ይስብ ነበር።

ካፓምብዌ ቦርጩን ተሸክሞ ተነሣና ቺሌክዋ አጠገብ ቁጢጥ አለ። «የምዌንያ አባት፣ ወንድሜ ነህና ልንገርህ። ያቺ ቦታ ባዶ ብትሆንማ ምን ችግር ነበረ፤ ሰው እናስገባባት ነበር። ባዶ አይደለችም። የልጅህን ስም የወረሰ የለም፣ ውሃውን የጠጣለት የለም። ታዲያ የት ይሂድ? የሚያውቀው ቦታ ላይ ቆሟል።»

«ዝም በል» አለው ቺሌክዋ።

«ዝምስ እላለሁ። እሱ ግን ቆሟል። ውሃውን ለዚያ ልጅ ስጠው።» በኛ ዘንድ የሟችን የውሃ ጽዋ የጠጣ ሰው ስሙንና መንፈሱን ይወርሳል፤ ያልተጠጣለት ሟች ማረፊያ የለውም።

ቺሌክዋ ካርቶኑን እንደታሸገ ማንጎዋ ሥር ትቶት ሄደ። ተቆጥቶ መስሎን ነበር። አልተቆጣም፤ ፈርቶ ነው።

የፈራው ነገር ይህ ነው። ቺሌክዋ ዕድሜውን ሙሉ በማዕድኑ ሲሠራ ከመሬት በታች ወርዶ አያውቅም። እሱ ከላይ ሆኖ፣ ብቻውን በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ቆፋሪዎቹ የሚሳፈሩበትን የብረት ሳጥን የሚያወርደውንና የሚያወጣውን ሞተር ይነዳ ነበር። ሰዎቹን አያያቸውም። ደወላቸውን ይሰማል፣ ክብደታቸውን በገመዱ ያውቃል። ከታች ሦስት ደወል ሲመጣ ሰው ተሳፍሯል ማለት ነው። ከዚያ ፋታ ይሆናል። ከፋታው በኋላ አንዲት ደወል ስትመጣ፣ ወደ ላይ አውጣ ማለት ናት። ያቺ አንዷ ሳትመጣ ሞተር የነካ ሰው ነፍስ ያጠፋል፤ አንዱ አንድ እግሩን ሳጥኑ ውስጥ አንዱን ውጭ አድርጎ ሊሆን ይችላል። እጅን አጣጥፎ መጠበቅ ብቻ ነው።

ምዌንያ ይህን የተማረው ገና ጥርሱን ሲነቅል ነው። ከጨዋታ ሲመጣ በሩን ሦስቴ ያንኳኳል፣ ፋታ ይሰጣል፣ አንዴ ይደግማል። አባትየው ከውስጥ «ፀሐይ ላይ ደርሰሃል!» ብሎ ይከፍትለታል። ትልቅ ሰው ሆኖ፣ ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ ስሙን እየጠራ የሚዘፍንለት ተጫዋች ሆኖ እንኳ ይህን አልተወም። ከቤታቸው ውጭ ይህን የሚያውቅ ፍጥረት አልነበረም።

ልጁ ከተቀበረ ወዲህ፣ አንዳንድ ቀን ሲመሽ፣ በሩ ይንኳኳል። ሦስቴ። ቺሌክዋ ትንፋሹን ይይዛል። ፋታው ይረዝማል፣ ይረዝማል፤ አንዷ አትመጣም። እሱም አይከፍትም። ተሳፍሯል ልጄ፣ ሳጥኑ ውስጥ ቆሟል፣ የሚያወጣው ይጠብቃል፤ እኔ ያለ ደወል ምን ላድርግ? ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ለሚስቱም። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ሦስቷንም ወዷታል። ስሙን የሚወርስ ቢገኝ እሷም ብትቀርስ? በለቅሶው ማብቂያ የውሃው ጽዋ ሲዞር የሚስቱ ዘመዶች አንድ በአንድ ወደ ኋላ ሲሸሹ አይቷቸዋል። «ያልወለደ ሰው ስም ነው፣ እዚህ የሚይዘው የለውም፣ የጠጣውን ይዞ ይሄዳል» አሉ። ያን ቀን ሊያስገድዳቸው፣ ሊለምናቸው ይችል ነበር። ዝም አለ። ጽዋው ተመልሶ ቁምሳጥን ገባ።

ቤት ሲደርስ የምዌንያ እናት የበቆሎ ገንፎውን፣ ንሺማውን፣ እያማሰለች ነበር። የሰማውን ነገራት። ማማሰያውን አላቆመችም።

«በኛ ዘንድ ልጅ የእናቱ ወገን ነው። ወንድሞቼ እምቢ ብለዋል። አንተ በምን ሥልጣንህ ነው የኔን ልጅ ለመንገደኛ የምታድለው?»

«እስከ መቼ እዚያ ይቁም?»

«ያ ልጅስ እናት የለውም? እናቱን ጠይቃችኋል?»

ማሰሮውን ከእሳት አወረደችና ጀርባዋን ሰጠችው። «እኔ ጽዋውን አልሞላም። ከፈለግህ አንተው ሙላው።»

እሱም ሞላው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ሰሌን ተነጠፈ፤ ካፓምብዌ ለደስታው ሱፍ ለብሶ መጣ፣ ዘሊፓ ከበሮዋን በጣቷ ብቻ መታች። ሉቢንዳ ሰሌኑ መሃል ተቀመጠ፤ ትከሻው ሰፊ፣ ፊቱ ገና የልጅ ነው። በነሱ አገር እንዲህ ያለ ነገር የለምና ጽዋውን እያየ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ይህን ከጠጣሁ ቋሚ እሆናለሁ?»

«ትሆናለህ!» አለው ካፓምብዌ።

ቺሌክዋ የስም ውርሱን ምልክት፣ ነጭ ጨሌውን፣ እጁ አንጓ ላይ አሰረለት። ልጁ «እሺ ንዳቴ» አለው፤ በነሱ ቋንቋ አባባ ማለት ነው። ጠጣ። የምዌንያ እናት ከጓዳ አልወጣችም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ካንዳብዌ ይመስክር። ሊጉ ተጀመረ፤ በዚያ ቦታ በኩል ጎል የሚባል ነገር ቀረ። የሚመጣውን ኳስ ሁሉ በቴስታ ይመልሰዋል፤ ከመለሰው በኋላ ኳሱን አያይም፤ ዞሮ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ወደሚቀመጠው ቺሌክዋ ያያል፤ «አየኸኝ?» የሚል ይመስል። ምዌንያ እንዲያ ነበር የሚያደርገው። ግራ ካልሲውን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ያወርደዋል። ይህም የምዌንያ ነው። የመጀመሪያ ቀን ሰዉ ጮኸ፣ ጨፈረ። ሁለተኛ ቀን ጩኸቱ ቀነሰ። ሦስተኛው ጨዋታ ላይ ልጁ ወደ ቺሌክዋ ዞሮ ሲያይ ሦስተኛው ደረጃ ላይ የነበርነው ሰዎች፣ እውነት ለመናገር፣ ትንሽ ፈቀቅ አልን።

በመጀመሪያው ጨዋታ ማግስት፣ አመሻሽ ላይ፣ በሩ ተንኳኳ። ሦስቴ። ቺሌክዋ እጁን ጭኑ ላይ እንዳደረገ ደረቀ። ፋታ ሆነ።

አንዴ።

ከጓዳ ሳህን ወድቆ ሲሰበር ተሰማ። ቺሌክዋ ተነሥቶ በሩ ጋ እንዴት እንደደረሰ አያውቅም። «ፀሐይ ላይ ደርሰሃል» አለ፤ ድምፁ አልወጣም፤ ደገመው። ከፈተ። ሉቢንዳ ቆሟል፣ ትከሻው ሰፊ፣ ፊቱ የልጅ።

«ታታ፣ ርቦኛል» አለው። ንዳቴ አላለም፤ እንደ ምዌንያ በኛ ቋንቋ ነው አባባ ያለው።

ማን ነገረው? ቺሌክዋ ሰውነቱን ውርር አደረገው። ግን ፍርሃቱ አልቆየም፤ ደስታ ጠረገው። ምን ያድርግ! ልጁን ናፍቆ ነበር። ጉድጓዱ ውስጥ ሁለት ክረምት ሙሉ ቆሞ የጠበቀውን ሰው አወጣሁት፣ አለ በልቡ፣ በመጨረሻ አንዷ ደወል መጣች። ከዚያ ወዲህ ልጁ ማታ ማታ እነሱ ዘንድ ይበላል። የምዌንያ እናት ታቀርብለታለች፣ እጁን ታስታጥበዋለች፣ በስም ግን ጠርታው አታውቅም። አንድ ቀን ካፔንታ ሠራች፤ ያችን የደረቀች ትንሽ ዓሣ። ልጁ ሳህኑን ወደ ጎን ገፋው።

«ዓሣ አልወድም። ሕፃን ሳለሁ እሾሁ ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሮ ታስታውሺ የለ?»

ታስታውሳለች። በጣቷ ያወጣችው እሷ ናት። ሳህኑን አነሣችና ጓዳ ገብታ ብዙ ቆየች።

ዘሊፓ ይህን ስትሰማ «ዓሣ የማይበላ የምዕራብ ሰው! ውሃ የማይወድ ጉማሬ በለኛ!» ብላ ልትስቅ ጀመረችና መሃሉ ላይ ሳቋ ጠፋባት። «የምዌንያ አባት፣» አለችው፣ «ልጁ ስልኩ ይጮኻል፣ ያየዋል፣ አያነሣውም። ማነው ብለው 'ይህን ቁጥር አላውቀውም' አለኝ። ቁጥሩ ላይ እኮ 'እማ' የሚል ተጽፏል።»

ቺሌክዋ ሰማ። ያልሰማ መሰለ። ይህን እንደ ጥፋት ለመቁጠር ልቡ እሺ አላለውም፤ ገና አልጠገበውማ!

ሴትየዋ የመጣችው በደርቢው ሳምንት፣ ሐሙስ ቀን ነው። ቅዳሜ ከጎረቤታችን ከተማ ቡድን ጋር ነበር የምንጫወተው፤ ያን ጨዋታ መሸነፍ ማለት ዓመቱን ሙሉ ገበያ ውስጥ አንገት ደፍቶ መሄድ ነው። ናማካው ትባላለች። ከምዕራብ፣ ከጎርፉ ሜዳ፣ አውቶቡስ ላይ አድራ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ የደረቀ ዓሣ ተሸክማ በቀጥታ ልምምድ ሜዳው ሄደች። አጥሩን ይዛ «ሉቢንዳ!» ብላ ጮኸች። ሜዳው ላይ ያሉት ልጆች ሁሉ ዞሩ። እሱ አልዞረም። ደገመች። በረኛው «ምዌንያ፣ ሴትየዋ አንተን ነው መሰለኝ» ሲለው ያን ጊዜ ዞረ።

ጀምበር ስትጠልቅ ዘሊፓ ሴትየዋን እጇን ይዛ ወደ ቺሌክዋ ቤት አመጣቻት። ናማካው በአገሯ ወግ ተንበርክካ እጆቿን ቀስ አድርጋ አጨበጨበችና ሰላምታ አቀረበች፤ ወንበር ቢሰጧትም መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ልጄን አየሁት» አለች። «እግዜር ይስጣችሁ፣ ወፍሯል፣ ጤና ነው። አልራበም። ለሱ አመሰግናለሁ።» ጥቅሏን ጭኗ ላይ አጠበቀችው። «ግን አጥሩ ድረስ መጥቶ ምን አለኝ መሰላችሁ? 'እማማ፣ ማንን ፈልገው ነው?' አለኝ። በትሕትና ነው ያለኝ። ክፉ አልተናገረኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።»

ወደ ምዌንያ እናት ዞረች።

«በልጅነቱ በጎርፉ ጊዜ ታንኳ ተገልብጦብን ሁለቱን ወንድሞቹን ውሃው ወስዶብኛል። እሱን በጸጉሩ ይዤ ነው ያወጣሁት። ምን አጠጣችሁብኝ?»

ውጭ ካፓምብዌ ሌሎቹን ይዞ መጥቶ በመስኮት ያንሾካሹካል። «የምዌንያ አባት! ቢያንስ እስከ ቅዳሜ! ቤንቹን ታውቀዋለህ፣ ሌላ ሰው የለንም! እሑድ ጠዋት ትመልስላታለህ፣ እኔ ራሴ አውቶቡሱን እከፍላለሁ!»

«ሂድ ከመስኮቴ!» አለች የምዌንያ እናት። ባሏን ግን አየችው፤ ምን እንደሚል ጠበቀች።

እስከ ቅዳሜ። እሱም በልቡ ይህንኑ ነበር የሚያስበው፤ ሌላ ሁለት ቀን፣ ሌላ ሁለት ማታ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ቅዳሜ ይመጣል።

በሩ ተንኳኳ። ሦስቴ፤ ፋታ፤ አንዴ።

ናማካው በሩን አየች። ቺሌክዋ አፉን ከፈተ፤ የለመዳት ቃል አልወጣችለትም። ዘሊፓ ነች የከፈተችው። ልጁ ገባና እንግዳዋን አየ። ከወገቡ ጎንበስ ብሎ «እንዴት አመሹ፣ እማማ» አላት። ከዚያ አፍንጫውን ሸፈነ። «ታታ፣ ዓሣ ዓሣ ይሸታል ቤቱ።»

ሴትየዋ ጥቅሏን በነጠላዋ ሸሸገችው። በአገሯ ዓሣ፣ በራሷ እጅ ባደረቀችው ዓሣ አፈረች። ቺሌክዋ ያየው ይህን ነው፤ የሸሸገችበትን እጅ። ዕድሜ ልኩን ሌሎች እናቶች የሚጠብቋቸውን ልጆች ወደ ላይ ሲያወጣ የኖረ ሰው ነው። ይቺን ሴት ግን በገዛ እጁ ልጇን ወደ ታች አወረደባት፤ የሱን ለማውጣት የሷን አወረደ።

«እንዴት ይመለሳል?» አላት ሚስቱን።

«የተጠጣ ውሃ አይመለስም» አለች። «ለሌላ ሰው ይተላለፋል እንጂ። ማን ይቀበለዋል? ወንድሞቼ ደጄን እንኳ አይረግጡም።»

«እኔ።»

«ምን?»

«እኔ እጠጣዋለሁ።»

ዘሊፓ «ኧረ ተው!» ብላ አፏን ያዘች። አባት ለልጁ ጠጥቶ አያውቅም። የልጅ ልጅ የአያቱን ስም ይወርሳል፣ ታናሽ የታላቁን፤ ከላይ ያለ ሰው ግን ወደ ታች ወርዶ የልጁን ስም ሲወስድ በካንዳብዌ ያየ የለም። ስሙን የወረሰ ሰው ሰውየውን ሆኖ ነው የሚኖረው። የሟቹ እናት እናቱ ናት።

የምዌንያ እናት ፊቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። «ከጠጣህ ባሌ አይደለህም» አለች። «ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«እኔ ብቻዬን ነኝ የምቀር።»

«ብቻሽን አይደለም» አለ።

ቁምሳጥኑን ከፈተች። ጽዋውን አወጣች፤ ያን ጊዜ እምቢ ያለችውን አሁን በገዛ እጇ እስከ አፉ ሞላች። ልጁ ምንም አልጠየቀም። እንደታዘዘው አንድ ጊዜ ተጎነጨ፣ ጨሌውን ከአንጓው ፈትቶ በሽማግሌው አንጓ ላይ አሰረ፣ ጽዋውን ሰጠው። ቺሌክዋ ሚስቱን እንደ ሚስት ለመጨረሻ ጊዜ አያት። ጠጣው፤ እስከ መጨረሻው።

ከዚያ ከመሬቱ በታች፣ ፈንጂ በማይፈነዳበት ሰዓት፣ አንድ ነገር ድም አለ፤ መስኮቱ ተንቀጫቀጨ። ልጁ ደንግጦ ወደ እግሩ አየ። ቀና ሲል ዓይኑ ናማካው ላይ አረፈ።

«እማ? መቼ መጣሽ? ዓሣ ይዘሽልኝ መጣሽ?»

እንዴት እንደተላቀሱ አልናገርም። በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄዱ። ካፓምብዌ ሊከለክል መናኸሪያ ሄዶ ነበር፤ ዘሊፓ «አንተ ዝንጀሮ በሊታ፣ አንዲት እርምጃ ብትራመድ ከበሮዬን ራስህ ላይ ነው የማጠልቀው» አለችው። ይህን ስትል አልሳቀችም፤ እሱም አልመለሰላትም።

ቅዳሜ ደርቢው አንድ ለአንድ አለቀ። አምስት ቁጥር የለበሰው ያ ቦታውን ይሸሽ የነበረው ልጅ ነው፤ ገና ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ መሃሏ ላይ ቆሞ ተጫወተባት። ሰው ሁሉ አየ፤ ቦታዋ ባዶ ሆናለች። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ደግሞ የቺሌክዋ መቀመጫ ባዶ ነበር። እሱ ከጎሉ ጀርባ ቆሟል፣ ሽበታም ሰውዬ፣ አንጓው ላይ ነጭ ጨሌ፣ ግራ ካልሲው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ወርዷል። ተከላካዩ ኳስ በቴስታ ሲመልስ ሰውዬው ዞሮ ወደ ባዶው ሦስተኛ ደረጃ ያያል።

ወደ ቤቱ ሲሄድ «የምዌንያ አባት!» ብለን ጠራነው። አልዞረም። ማን እንደሆነ እንጃ ከመካከላችን አንዱ «ምዌንያ!» አለ፤ ያን ጊዜ ዞሮ እጁን አነሣልን። ሁለተኛ የጠራው የለም።

የምዌንያ እናት ጓዳ ነበረች። ንሺማው ደርሷል፣ ወጡ ቅጠልና ለውዝ ነው፣ ዓሣ የለበትም። የልጇን ክፍል ጠርጋ አልጋውን አንጥፋለታለች። የባሏን ኮት ከሚስማሩ ላይ አውርዳ አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ ከታዋለች። በሩ ሦስቴ ተንኳኳ።

ማማሰያውን ይዛ ቆመች። ፋታው ረዘመ። ሠላሳ ዓመት አብሯት የኖረ ሰው ከበሩ ማዶ ሲተነፍስ ይሰማታል፤ ትንፋሹን ታውቀዋለች። ትንሽ ያቺ አንዷ ባትመጣ ብላ ተመኘች።

አንዴ ተንኳኳ።

«ፀሐይ ላይ ደርሰሃል» አለች፤ ከፈተችለትም። «ግባ ልጄ፣ እጅህን ታጠብ።»

አበላችው። ሲጠግብ ወደ ክፍሉ ገባ። እሷም ሳህኑን አጠበች፣ ጓዳውን ዘጋች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፤ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ለባሏ አለቀሰች።